የቅዳሜ ገበሬ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ አጥሩን ያጥራል፤ ቀጥሎ ውሻ ያስራል፤ ከዚያ ጎመን ልትከል ብሎ ይነሣል። እስከ ውሻው ድረስ የሚያግደው የለም። ጎመኑ ላይ ሲደርስ ግን ዋልካ አለ።

ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ እጅ ይገባበታል። ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፤ የቀረው ዝናብ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ዶማ የሚቀበለው በድርቁና በጭቃው መሀል ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የኛ ሰው እነዚህን ቀናት አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው ቅዳሜን ነው። እሱ ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜ ስለሆነ አፈሩም ቅዳሜ ሊመቸው ይገባል። ስለዚህ በሐምሌ እኩሌታ ቦቲውን አጥልቆ ይገባል። ሦስት ጊዜ ይቆፍራል፤ ከዶማው ላይ ጭቃውን በእንጨት ይፍቃል፤ ደግሞ ይቆፍራል። ወደ ማታ እሱ ይወጣል፣ ቦቲው ይቀራል። በክረምት የረገጠው ሁሉ ጥቅምት ላይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ያን ጊዜ አማካሪ ይመጣል። «አሸዋ ጨምርበት!» አሸዋ የላላ፣ ዋልካ የጠበቀ፤ ቢጋቡ የሚስማሙ ይመስላሉ። ጥቂት ጋሪ አሸዋ ግን ዋልካን አይበግረውም። ደቃቁ ጭቃ በአሸዋው መሀል ያለውን ክፍተት ሞልቶት ያርፋል። ሰውየው መደብ ሳይሆን የግድግዳ ምርጊት አቡክቷል።

አሸዋው በጋሪ ሲገባ በዚያው በር ኩበትም በአህያ ይገባል። ዋልካን የሚያለዝበው፣ ጎመኑን የሚመግበው እሱ ነበር፤ ግን ወደ ምድጃ ነው የሚሄደው። (ማገዶ በተወደደበት አገር ምጣድ የምታሰማ እናት አትወቀስም። እኔ የምታዘበው አሸዋ ገዢውን ነው።)

የመደቡ ነገር ደግሞ አለ። ለውበት ሲል ዙሪያውን ብሎኬት ያሰልፋል፣ መሀሉን ዝቅ ያደርጋል። ጎመን ባይበቅልም እንቁራሪት አይጠፋም።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ላይ ግን፣ ቤተሰብ በሙሉ ወጥቶ አፈሩን በእጅ እየከመረ ከፍ ያለ መደብና ውኃ መውረጃ ቦይ ሲሠራ ኖሯል። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት ልማት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሁለት ማረሻ አጣምሮ ያንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ፤ ቢቢኤም ይሉታል። የመደቡ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ የቦዩ 40። ምሁሩም ገበሬውም የተስማሙት ውኃው ይውጣ በሚለው ነው። የአንኮበር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የእሱ ጭንቀት ውኃው አፈሩን ይዞ ገደል እንዳይገባበት ነውና እርከን ሲክብ ይውላል።

በእኛ ሰፈር ጎመናቸው የሚያምርላቸው አንዲት እትዬ አሉ። መደባቸው ከፍ ያለ ነው፣ ቦያቸው ወደ መንገዱ ይፈሳል። አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው ያዩታል፤ ከተፈረፈረ ይቆፍራሉ፣ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ወደ ቡናቸው ይመለሳሉ። ባለፈው የቅዳሜ ገበሬያችን አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ ምን ጨምረውበት ነው?»

«የበግ በጠጥ።»

«እሱማ ገባኝ። ማዳበሪያውን ነው የጠየቅሁዎት።»