ጥበብ ከግርጌ ትነበባለች

ሰው አየር ላይ ሲራገጥ ማየት ተራ ነገር ነው፤ ከሥሩ ሰብታይትል ሲገባበት ግን ጥበብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን የአንግ ሊን «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂድን ድራጎን» ፊልም ያየ አዋቂ ይመሰክራል። ጀግኖቹ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ቆመው ሰይፍ ሲማዘዙ ነገሩ ፍልስፍና ነው፤ በእንግሊዝኛ ቢናገሩ ኖሮ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ቀልድ።

መሪ ተዋናዩ ቾው ዩን ፋት አፉን የፈታው በካንቶኒዝ ነውና፣ በፊልሙ የሚናገረው ማንዳሪን ይኮላተፋል ብለው ያጉረመረሙ ቻይናውያን ነበሩ። ምስኪኖች! ቋንቋውን ማወቃቸው ጥበቡን ነሳቸው። የእኛ አዋቂ አንዲት ቃል ስለማይሰማ አነጋገሩን «እንከን የለሽ» ይለዋል።

አዋቂውን የሚያስቸግረው ድብድቡ ብቻ ነው፤ ሰይፍ ሲመዘዝ ጽሑፉ ይጠፋል። ያኔ ሰዓቱን እያየ፣ የድብድቡ ቀማሪ ዩን ዎ ፒንግ የተጠበበበት ፍልሚያ አልቆ የሚነበብ ነገር እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቃል።