ኧረ ክብሪቱን ተውት!

ሰው በወደቀ ቁጥር ክብሪት መጫር የሚቀረው መቼ ነው? ወረታ መናኸሪያ ሰው ይወድቃል፣ ክብሪት ይጫራል። ገበያ መሐል ይወድቃል፣ ክብሪት ይጫራል። የክብሪት ጭስ ያስቆመው የሚጥል በሽታ የለም። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስደዋል።

አንዱ እጅና እግሩን ጨምድዶ ይይዛል። አንዱ ጥርሱን በማንኪያ ይፈለቅቃል። አንዱ ውሃ ይደፋበታል። አንዱ ደግሞ «አረፋው እንዳይነካህ፣ ይጋባል!» እያለ የሚረዳውን ሰው ያሸሻል። አይጋባም። የአንጎል ሕመም ነው፤ በምራቅ አይተላለፍም። ስንት ጊዜ ይነገር?

እኛ ፎገሬዎች ደግሞ ሩዝ የምናርመው ውሃ ውስጥ ቆመን ነው። በአፉ የተደፋ ሰው ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ትንፋሹ ይቆረጣል። ጉልቻው መሬት ላይ ነው፤ እሳት ላይ የወደቀች እናት በየቀበሌው አለች። ሸሽቶ ቆሞ ማየት እዚህ ሰው ይገድላል።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን ጤና ተቋም በር ላይ ክብሪት ሲጫር ማየት ነው። ሥልጠና ይመጣል፣ አንዲት ነርስ ትሠለጥናለች፣ ነርሷ ትዛወራለች፣ ሥልጠናውም አብሯት ይሄዳል። ስንወድቅ መጀመሪያ የሚያገኘን ዘበኛው ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ናት። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እነሱን ማን አስተማረ? ትምህርቱ እኮ ረጅም አይደለም። የሚጎዳ ነገር ከአጠገቡ አርቅ፤ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርግ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍታ፤ አትጫነው፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት፤ በጎኑ አስተኛው፤ ሰዓት ተመልከት፤ እስኪነቃ አትለየው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም አፍጥን። አለቀ። ይህን አስተማሪም፣ ባጃጅ ነጂም ይችለዋል።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለኃይማኖትና ባልደረቦቻቸው መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት አጥንተው ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። መድኃኒት ያገኘው በጣም ጥቂቱ ነበር። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት! የዓለም ጤና ድርጅት በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ታማሚ እስከ 70 ያህሉ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ ይላል። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ ውድ መድኃኒት አይደለም።

ግን «አልቋል» ይሉናል። «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ይሉናል። ጸበል ሲጀመር «ክኒኑን አቁም» የሚል መካሪም አይጠፋም። ጸበሉም ይጠመቅ፣ ክኒኑም ይዋጥ፤ ምን አጣላቸው? በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ከበፊቱ የባሰ ይጥላል።

ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ መንገዱ ሲቆረጥ፣ የአንድ ወር ክኒን የተሰጠው ታማሚ ምን ያድርግ? ከሐምሌ በፊት ክረምቱን የሚያሻግር መድኃኒት አስይዞ መላክ ምን ይከብዳል? ውሃው እንደሚመጣ እኮ ሁሉም ያውቃል።