ቀዳዳው ሲሰፋ

ፎቶግራፍ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ፤ ኪሴም አብሮ። የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ሌንስ ቀዳዳ ነበር፦ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሌሎቹ ተማሪዎች ግራ ገባቸው። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ የአባቴ ደመወዝና ኪስ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ከጓደኛዬ ብር ተበድሬ እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ገዛሁና እናቴን አነሳኋት። ከኋላዋ ያለው ቡፌ ድብዝዝ አለ። «ይህን ሁሉ ብር ከፍለህ ቡፌዬን አጠፋኸው?» አለችኝ።

ከዚያ ኤግዚቢሽን መዞር ያዝኩ። ሥነ ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እጅ አገጭ ላይ፣ ከዚያ «ብርሃኑ ይናገራል» ማለት። ምን እንደሚል የጠየቀኝ የለም።

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ስትመሠርት፣ አፍሪካ በራሷ ልጆች ዓይን እንድትታይ ነበር ምኞቷ። እኛም ጥሪውን ሰማን፤ ፈረንጅ ሲያነሳው የኖረውን ያንኑ ሊስትሮና ያችኑ እንጨት ተሸካሚ፣ አሁን በራሳችን ዓይን አነሳናቸው።

እኔም እንጦጦ ወጣሁ። ጀርባቸው በቅጠል ሸክም የጎበጠ እናት ሲመጡ ካሜራዬን ደገንኩ።

«እማማ፣ አንዴ ቀና ይበሉልኝ!»

«ቀና ማለት ብችል መቼ እሸከም ነበር ልጄ?»

ፎቶው ግሩም ወጣ። በጥቁርና ነጭ አሳተምኩት፤ ርእሱንም «ጽናት» አልኩት። የማን ጽናት እንደሆነ አልጻፍኩም፤ የሌንሱን ብር ያበደረኝ ጓደኛዬ ግን የእሱ ነው ይላል።