አለሁበት

ቡናው እስኪደርስ ይህችን ላጫውታችሁ። ልብስ ላጥብ ነበር የወረድኩት። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሐበሻ የበዛበት አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ማጠቢያ ማሽኖቹ ያሉት ቤዝመንት ነው። ቀኑ እሁድ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ኳርተሮቼን ለማሽኑ አጉርሼው ማጓራት ሲጀምር፣ ከእኔው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት ጡረተኛ ብቅ አሉ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ስሜ ውስጥ ያለችውን «ጠ» በትክክል ለማውጣት የሚታገሉ ብቸኛዋ ጎረቤቴ ናቸው፤ ለእንዲህ ዓይነት ሰው እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

አንድ ነገር ነገሩኝ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ከተናገሩት ሁሉ የያዝኩት የመጨረሻዋን ብቻ ነው፦ «አር ዩ ጌም?»

ጌም! እሁድ ከሰዓት፣ የዋሽንግተኑ ቡድን በሚጫወትበት ሰዓት፣ ኮሪደሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ድምፅ ሲናወጥ፣ ጌም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጨዋታ አብረን እንይ ብለው ጠሩኝ ብዬ ልቤ ሞላ። እዚህ አገር ሰው ቤት መጠራት እንዴት ብርቅ እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። «የስ! ጌም!» አልኩ። ባዶ እጅ መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ በቤቴ በኩል አለፍ ብዬ የገብስ ቆሎ በሳህን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ባዶ ነው። እኔ ግን ወደ ሶፋው ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ከጓዳ ተመለሱና የሥራ ጓንት ዘረጉልኝ። እኔ ደግሞ ቆሎውን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው አንድ ጭብጥ ቆሎ ወሰዱ፤ እኔም ጓንቱን ወሰድኩ። ዝም ብለን ተያየን። ቆሎዋን እየቆረጠሙ ወደ ተቀመጥኩበት ጠቆሙ። የሚነሳው ሶፋው ነበር።

ሶፋ ስላችሁ ሶፋ ብቻ አይምሰላችሁ። ሆዱ ውስጥ የብረት አልጋ የታጠፈበት፣ የቀድሞ ሰው የሠራው ነው። ሊፍቱ አልቻለውም። ስለዚህ በደረጃ፤ ለማገዝ የመጣው የእህታቸው ልጅ ከታች፣ እኔ ከላይ። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሶፋው በግድግዳውና በደረጃው መደገፊያ መካከል ተቀረቀረ። ወደ ላይ ብንል የለም፣ ወደ ታች ብንል የለም። ጎኑን ቀና ላድርገው ብዬ ስስብ ውስጡ ያለው ብረት ቷ! ብሎ ተፈናጠረ፤ ቅልጥሜን መታና አልጋው ከነፍራሹ ደረጃው ላይ ተዘረጋ።

ይኸኔ ነው ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የደረሱት። አልጋውን አዩ፤ እኔን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ልጄ፣ ከቤት አስወጡህ እንዴ?»

«ኧረ የለም እማማ፤ ጎረቤት እያገዝኩ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ። እኔማ ደነገጥኩ» አሉና፣ መንገዱ እስኪለቀቅ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው የልብስ ቅርጫት የያዘ አንድ ቤተሰብ መጣ፤ ከታች ፒዛ የሚያደርስ ልጅ ቆመ። ሁሉም እኔን ያያል። እኔም አልጋውን አያለሁ። ቤዝመንት ስደርስ የእኔ ልብስ ከማሽኑ ወጥቶ፣ የውስጥ ሱሪው ከላይ ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ነበር።

ሶፋው ወጥቶ ሻይ ስንጠጣ ነው አስተማሪዋ የ«ጌም»ን ታሪክ ያወሩልኝ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ደስታና ጨዋታ ማለት ነበረች። በኋላ በአውራ ዶሮ ውጊያ በኩል ሌላ ትርጉም አበቀለች፦ ደሙ እየፈሰሰ የማይሸሸው ዶሮ «ጌም» ተባለ። ያ ውጊያ እንግሊዝ ውስጥ በ1835 በሕግ ታገደ፤ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጨረሻዋ ሉዊዚያና የከለከለችው በ2008 ነው፤ ቃሏ ግን ዶሮዎቹን ትታ ወደ ሰው ተሻገረች። «አር ዩ ጌም?» ማለት እንግዲህ «አለህበት?» ማለት ነው። «አለሁበት» ያለ ሰው ደግሞ ሶፋው ሲቀረቀር ጥሎ አይሄድም።

ፈቃደኛ ማለት የሆነችው «ዊሊንግ» ግን ከ«ጌም» ትለያለች፤ የፎርምና የሥራ ቃለ መጠይቅ ቃል ናት፤ ማታ ለመሥራት ፈቃደኛ ነህ ወይ ይሉሃል፣ አዎ ትላለህ፣ አለቀ። ልብ ይኑርበት አይኑርበት የሚጠይቅህ የለም። በ2003 ለኢራቅ ጦርነት ዋይት ሐውስ «የፈቃደኞች ጥምረት» ብሎ ያወጣው ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩ፤ ባድመ ላይ የተዋጉት ሁለቱ አገሮች፣ ጦርነታቸው ካበቃ ሦስት ዓመት ሳይሞላ። ለወረራው ግን ከሁለቱም ወታደር አልሄደም። ፈቃደኛ መባልና ሸክም ማንሳት የተለያዩ ናቸው።

የእኛ «እሺ»ም እንዲሁ ሰፊ ናት። እሺ ይበልጣል ከሺ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለታላቅ፣ ለአለቃ፣ ለእንግዳ እሺ እንላለን፣ አንዳንዴ ላለመሄድም ጭምር። እኔ ከሁሉ የምወዳት «አለሁበት»ን ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል፣ ዕቁብ ሲጀመር፣ ለታመመ ሰው ሲዋጣ የምትነገር ቃል ናት፤ የተናገራት ሰው በቦታው ይገኛል። እዚህ አገር ልጆቻችን አማርኛ ሲማሩ ከፈቃደኝነት በፊት እሷን ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ሻዩን ጨርሼ ስነሳ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አስተማሪዋ ማነከሴን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፦ ለካ አንካሳ እግርም በእንግሊዝኛ «ጌም ሌግ» ይባላል! ሥሯ ሌላ ነው አሉኝ፤ ድምፅ ብቻ ነው የገጠመው። በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ የቆሎውን ሳህን ደግሞ ባዶውን አልመልስም ብለው ኩኪስ ሞሉበት።

ማታ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ቅቤ በቢልቃጥ ይዘዋል፣ ለቅልጥሜ ማሻሻ።

«ልጄ፣ ሲሻልህ፣ እኔም ጋ አንዲት ቁም ሣጥን አለች።»

ባለ ስንት በር እንደሆነች ጠየቅኳቸው። ባለ ሦስት ናት። «አለሁበት» አልኳቸው።