የ«ፒክ አፕ»ን አጠቃቀም ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በእንግሊዝኛ ፈተና አፕ፣ ኦፍና አውት ተደርድረው ሲመጡብን ዓይናችንን ጨፍነን «ሲ»ን ያጠቆርን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንድንማር አዝዞ የነበረ ቢሆንም፣ ፒክንና አፕን ለየብቻ አውቀን ሲጋቡ ግን ባዕድ ስለሆኑብን፤ ከዚህ በታች የተገለጸው አደጋም ስለደረሰ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ይህ አዋጅ «የፒካፕ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የሚጠቅሰው ከተገኘ።

አንቀጽ 2፤ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ፒካፕ» ማለት ኋላው ክፍት የሆነ፣ ፍሪጅና ቁም ሣጥን ጭኖ ከጎፋ ጀሞ የሚያደርስ መኪና ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር። ሜካፕ የፊት ቀለም፣ ቼካፕ የክሊኒክ ቀጠሮ፣ ቴካዌይ የተረፈ ክትፎ የሚገባበት ዕቃ፣ ሃንዳውት በፈተና ዋዜማ የሚነበብ ወረቀት። ባለቤቶቹ ግስም ስምም አድርገው ያሠሯቸዋል፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ስም ብቻ ሆነው ቀሩ።

አንቀጽ 3፤ ስለ አደጋው። ለአንድ የጀሞ 2 ነዋሪ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ» የሚል መልእክት ደረሰው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ሊስትሮ አስጠርጎ ለቡ ሙዚቃ ቤት ቆመ። አንዲት ነጭ ቪትዝ አጠገቡ ቀስ ብላ ክላክስ ስታደርግ በእጁ «እለፊ» አላት። እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው፤ ጋቢና ካልደረሰው ከፒካፑ ኋላ ሆኖ ሸሚዙ አቧራ ሊጠጣ ነው።

አንቀጽ 4፤ ከእንግዲህ «እንግሊዝኛ አንዱን ቃል አሥር ቦታ እያሠራ ያደናግረናል» ብሎ ማማረር ክልክል ነው። የራሳችን «አነሳ» ይጠየቅ። ስልክ እናነሳለን፤ ፎቶ እናነሳለን፤ ክርስትና እናነሳለን፤ ስብሰባ ላይ ጥያቄ፣ ቡና ላይ የሌለ ሰው ስም እናነሳለን። እናቶቻችን ሊጥ እያቦኩ «ይሄ ጤፍ ውሃ ያነሳል» ይላሉ፤ ጤፉ ጀሪካን ተሸክሞ የታየው ሰው የለም። ፒክ አፕም እንዲሁ ነው። ሰው ከመንገድ ያነሳል፣ ስልክ ያነሳል፣ የሰፈር ቋንቋ ይለቅማል፤ ገበያ ሲያንሰራራም እሱው ነው። ጉንፋንንም በዚሁ ቃል ያነሱታል አሉ፤ እኛን ግን የሚይዘን ጉንፋኑ ነው። በዚህኛው እውነቱ ከእኛ ጋር ነው።

አንቀጽ 5፤ ሽቦ የሌለው መገናኛ በመጣ ጊዜ የድሮ ሰዎች ሥራውን አይተው «ንፋስ ስልክ» አሉት፤ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ቃል በቃል መተርጎም ነውር ነው። ፒክንና አፕን ለየብቻ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ የተያዘ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በሜክሲኮ–ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ጭራ ይቆማል።

አንቀጽ 6፤ «ፒክ መልቀም፣ አፕ ላይ፣ ስለዚህ ወደ ላይ መልቀም» የሚል ማንኛውም የደብተር ማስታወሻ ተሽሯል።

አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለቡ ሙዚቃ ቤት የቆምከው ወንድማችን፦ ነጯ ቪትዝ ዞራ እየመጣች ነው። ጋቢና ግባ።