በእንተ ተሸላሚ ዘኢመጽአ

ከ2013 ዓ.ም. የሆሣዕና ማግስት ጀምሮ በሆዴ ይዤው የምኖር አንድ ቂም አለ፤ ቂም የያዝሁበትም ሰው እኔን ፈጽሞ የማያውቅ፣ ቢያውቀኝም የማልጠቅመው የማልጎዳው፣ ከወረታ ከተማ ባሕርና በረሃ የሚለየው፣ ያን ጊዜ የ83 ዓመት አዛውንት የነበረ ሲሆን፣ በደሉ ተመርምሮ ቢገኝ ሌላ ምንም አይደለም፤ በዚያች ሌሊት እርሱ ተኝቶ ነበር፣ እኔ ግን ነቅቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦስካር ሽልማት በሎስ አንጀለስ እሑድ ምሽት ስለሚሰጥ ለእኛ የሚደርሰን ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ከልማዱ ዘግይቶ ስለ ተላለፈ፣ ጅማሬው ለሚያዝያ 18 አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዋለ፤ ባሕረ ሐሳብ ለሚቆጥር ክርስቲያን ይህ ማለት ሆሣዕና አልፎ ሰሙነ ሕማማት የሚገባበት ሌሊት ነው። እኔም የዘንባባውን ቀለበት ከጣቴ ሳላወልቅ ከአጎበሬ ውስጥ ገብቼ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አቁሜ፣ ከመስኮቱ ውጭ ውሻ ሲጮህ እየሰማሁ መጠበቅ ጀመርሁ። ተንቀሳቃሹን ምስል ለማየት የሞላሁት ካርድ ስለማይበቃ፣ ቢበቃም ያቺ የምትሽከረከር ክብ ዐይኔን ስለምታዞረው፣ ሥርዓቱን የምከታተለው ጋዜጠኞች በየደቂቃው በሚጽፉት አጫጭር ቃል ነበር፤ እንግዲህ እኔ ያን ሌሊት ኦስካርን እንደ ዜና መዋዕል አነበብሁት እንጂ አየሁት ለማለት አልደፍርም። እነርሱ «እገሊት ቀይ ቀሚስ ለብሳ ገባች» ብለው ሲያልፉ ቀሚሱን ቀድጄ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ «እገሌ ሲያመሰግን አለቀሰ» ሲሉም እንባውን የማፈስለት እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ለነግህ ጸሎት ልትሄድ ተነሥታ ነጠላዋን ስታጣፋ ከአጎበሩ ውስጥ የሚያበራውን አየችና፣ «ኧረ አንቱ! በሕማማት ሌሊት እንኳ የናቡከደነፆርን ምስል ይጠብቃሉ?» አለችኝ። እኔም እውነቱን ለመመስከር ያህል፣ የናቡከደነፆሩ ምስል ቁመቱ 60 ክንድ እንደ ነበረ፣ ይህኛው ግን አንድ ክንድ እንኳ እንደማይሞላ፣ ክብደቱም አራት ኪሎ እንደማይደርስ፣ ውስጡ ነሐስ ሆኖ ወርቁ ልባጥ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳኋት። «አጥሮም ያሰግዳል» አለችና በሩን ዘጋችው። ከነግህ በፊት አልቆ እደርሳለሁ ብዬ ከኋላዋ ጮህሁ፤ መስማቷን እንጃ።

የወረታ ሰው በሆሊውድ ድግስ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ አንባቢ የምመልሰው፣ የፊልም ፍቅር እንደ ፎገራ ጎርፍ ነው፤ ጉማራና ርብ ክረምት ሲሞሉ የማን ማሳ ነው ብለው እንደማይጠይቁ ሁሉ እርሱም የገባበትን ቤት አይጠይቅም። ደግሞስ ጎንደር ተወልዶ ያደገው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ይዞ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰቱን ሽልማት፣ በማግስቱም ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ሲቀበል፣ ከዚህ ሜዳ ማዶ ያለው አገር ሁሉ የሽልማት ዘመድ ሆኖ የለምን? በ2007 ዓ.ም. «ድፍረት»፣ በዓመቱም «ላምብ» ኢትዮጵያን ወክለው ለኦስካር ቀርበው ከመጨረሻዎቹ አምስት ሳይገቡ ሲቀሩስ ያዘንነው እኛው አይደለንምን? በአገራችንም ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሚሼል ፓፓታኪስ ፊልም ስም የተሰየመው የጉማ ሽልማት አለ፤ ጉማ ማለት ለሞተ ሰው ደም የሚከፈል ካሣ፣ የሰው ምትክ እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ ወደዚህ ወደ ምትክ ነገር እመለስበታለሁ።

ሌሊቱ ገሰገሰ። በልማድ መጨረሻ ላይ የሚጠራው ምርጥ ፊልም ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን አዘጋጆቹ ሥርዓቱን ገልብጠው «ኖማድላንድ»ን ቀድመው ሸለሙና የምርጡን ወንድ ተዋናይ ስም ለመዝጊያ አስቀሩት። ምክንያቱን የነገረን የለም፤ ሁላችንም ግን የገባን መሰለን፤ ቻድዊክ ቦዝማን ባለፈው ነሐሴ ገና በ43 ዓመቱ ዐርፎ ስለ ነበር፣ ሽልማቱ ለእርሱ ይሆናል፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ ወጥቶ ይቀበልለታል፣ ዓለምም አልቅሶ ይበተናል ብለን ጠበቅን። የስልኬ ባትሪ 4 ከመቶ ቀርቶታል፤ መብራት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሄዷል፤ ዋኪን ፊኒክስ ወጣ፤ ፖስታውን ከፈተ፤ አንቶኒ ሆፕኪንስ አለ፤ ሆፕኪንስ በአዳራሹ አልነበረም፤ ሰጪው አካዳሚ ሽልማቱን በስሙ ተቀብሎለታል ተባለና በዓሉ በዚያው አለቀ። ሌላ ቃል ይመጣል ብዬ ብጠብቅ የመጣው የስልኬ መጥፋት ነበር።

አሸናፊው ማሸነፉ አላስቀየመኝም፤ ሽማግሌው «ዘ ፋዘር» በተባለው ፊልም ላይ አእምሮው የሚከዳውን አባት ሆኖ ሲሠራ በፍላሽ አስጭኜ አይቼዋለሁ፤ ሲያልቅ ተነሥቼ የአያቴን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ አቧራውን ጠርጌያለሁ። ያስቀየመኝ የነገሩ አቀማመጥ ነው፤ የተጠራው ተኝቶ ያልተጠራው ነቅቶ ማደሩ ነው። ሰኞ ሕማማት ደግሞ መርገመ በለስ የሚነበብበት ዕለት ነው፤ ጌታ በርቀት ቅጠሏን አይቶ ቀርቦ ፍሬ ያጣባት ያቺ በለስ ትዝ ብትለኝ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቅጠሏን ስቆጥር ማደሬ ታወሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ቂሜን በመረጃ ማደርጀት ጀመርሁ። ይህ አለመገኘት ለካ ከሥሩ የመጣ ነው፤ ግንቦት 8 ቀን 1921 ዓ.ም. በሆሊውድ የመጀመሪያው ኦስካር በእራት ላይ፣ በሩብ ሰዓት ያህል ተሰጥቶ ሲያበቃ፣ የመጀመሪያው ምርጥ ተዋናይ የተባለው ኤሚል ያኒንግስ ሐውልቱን አስቀድሞ ተቀብሎ ወደ አውሮፓ ሄዶ ነበር። ካተሪን ሄፕበርን አራት ጊዜ አሸንፋ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥታ አልተቀበለችም። ማርሎን ብራንዶ በ1965 ዓ.ም. እንቢታውን እንድትናገርለት አንዲት ሴት ላከ፤ ይህንንስ ቢሆን በሰው አፍ መቆጣት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ነገሩን እያመነዠክሁ ሳለሁ ልቤ ከፊልሙ ወጥቶ ወደ ቃሉ ሄደ። አባቶቻችን ስለ ሌላ ሰው የሚቆመውን ሰው እንዴት ባለ ጥንቃቄ ሰይመውት ነበር! እንደራሴ የሚለው ማዕርግ «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲባሉ ከስሙ ውስጥ የንግሥቲቱ «ራሴ» ገብቶበታል። ምስለኔም «ምስለ እኔ» ነው፤ ገበሬው ሲያየው ባላባቱን ያየ ያህል ኮፍያውን እንዲያነሣ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሊቀ መኳስ አለ፤ በጦርነት ቀን የንጉሡን ልብስ ለብሶ፣ የንጉሡን ጥላ አስይዞ፣ ጠላት እርሱን ንጉሥ መስሎት እንዲተኩስበት የሚወጣው። ሊቀ መኳስ እንግዲህ ንጉሡን ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ ነው፤ ልዩነቱ ተመልካቹ አድናቆቱን በጥይት የሚገልጥለት መሆኑ ነው። ከዚህ ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚወጣው መንገድ ላይ ደብረ ታቦር አለች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አድርገዋት በነበረ ጊዜ ሊቀ መኳሳቸው ጆን ቤል የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ እርሱም በ1850ዎቹ መጀመሪያ በውጊያ መካከል ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ለዚህ ዓይነቱ ትወና ግን አካዳሚው እስከ ዛሬ ምድብ አላወጣለትም፤ ቢያወጣለትም ተሸላሚው ላለመገኘቱ በቂ ምክንያት ይኖረዋል።

እንደራሴነት በፎገራም ሕግ አለው። በወንፈል አጨዳ ቀን ራሱ መምጣት ያልቻለ ገበሬ ወንድሙን ወይም ልጁን ማጭድ አስይዞ ይልካል፤ የተላከውም ያጭዳል፣ ላቡን ያፈሳል፣ ማታም ቀኑ ለላኪው ይቆጠርለታል። ሩዙ ራሱ እንኳ እንደራሴ ነው፤ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አምጥተውት ኤክስ ጅግና የተባለው ሩዝ ይኸው ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ በጤፍ ስም እንጀራ ሆኖ ይቀርባል፤ ሲቀርብም ቀርቧል፤ የበላውም ጠግቧል።

አሁን የምናገረው ግን ሌላ ነው። አንድ ዓመት በኅዳር፣ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ማጭድ በሚጠብቅበት፣ ወፉም በሚረባረብበት ሰሞን፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የመስክ ቀን አዘጋጀና ገበሬዎቹን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በፀሐይ ላይ አስቀመጣቸው። የክብር እንግዳው ይመጣሉ ተባለ፤ 4 ሰዓት ሆነ፤ በመንገድ ላይ ናቸው ተባለ፤ 6 ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ የመጣው የእንግዳው ምክትል እንኳ አልነበረም፤ የምክትሉ ተወካይ ነበር። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና፣ «ዛሬ በመካከላችሁ በመገኘቴ የተሰማኝ ደስታ ወሰን የለውም» ብሎ አነበበ። ማን ነው የተገኘው? የማን ደስታ ነው? አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ማሳ ባጨዱ ነበር፤ ጭብጨባ ሲታዘዝ ግን እጃቸውን አንሥተው አጨበጨቡ፤ ሰው ለሌለ ሰው እንዲያጨበጭብ ስታደርገው ጊዜውን ብቻ ሳይሆን እጁን ሰርቀኸዋል። ያን ቀን በጉባኤው መካከል ተነሥቼ አልተናገርሁም፤ ዛሬም ደረቴን የሚያቃጥለኝ የእርሳቸው ትዕግሥት ነው ወይስ የእኔ ዝምታ፣ ለይቼ አላውቀውም።

አዛውንቱ የዌልስ ሰው ሆፕኪንስ ግን ከዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው፤ ከተኛበት አልጋ ሆኖ ደስታው ወሰን እንደሌለው በሰው አፍ አላስነበበም። ቀትር ገደማ መብራት መጥቶ ስልኬ ነፍስ ሲዘራ በራሱ አፍ ሲናገር አገኘሁት፤ ከኋላው አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በ83 ዓመቴ ይህን ሽልማት እቀበላለሁ ብዬ አልጠበቅሁም አለ፤ ያለ ጊዜው የተለየንን ቦዝማንንም አነሣ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ የፎገራ ሜዳ በሚያዝያ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከብቱ ጥላ ፍለጋ ከአንድ ዋርካ ሥር ተከማችቷል። ሽማግሌ በአልጋው ላይ መተኛቱ ከቶ ምን ነውር አለው አልሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ግን ስልኩን ከፍቼ መልሼ አየሁትና ቂሜ አልጠፋም ነበር፤ በመጠኑ ግን ቀልሏል።

ባለቤቴ ለአፍታ ዕረፍት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጉልበቷን ይዛ ነበር የገባችው። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ ከሩቅ አየችኝና ተቀመጠች።

«አልመጡም» አለችኝ።

«አልመጣሁም» አልኋት።

«የእርስዎንም ድርሻ ሰግጄልዎታለሁ።»

ይህ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ይቆጠር አይቆጠር ልከራከራት አስቤ ነበር፤ ስለ እንደራሴ ሌሊቱንም ቀኑንም ያወጣሁት ሐተታ ትዝ ሲለኝ ግን ዝም አልሁ። ከዚያ ማን ተሸለመ ብላ ጠየቀችኝ፤ የተኛው ሰው አልኋት። ማን ተቀበለለት አለች፤ ማንም፣ ሰጪዎቹ ራሳቸው በስሙ ተቀበሉት አልኋት።

ጥቂት አሰበች።

«ታዲያ ምስሉ ከማን ቤት አደረ?»

ይህን ደግሞ የጻፈ ጋዜጠኛ የለም። በሣጥን ቆልፈውበት ይሆን፣ ከአንዱ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አቁመውት ይሆን፣ አዳራሹን የሚጠርገው ሰው ሲጨርስ ለአፍታ አንሥቶት ክብደቱን ሞክሮት ይሆን፤ እርስዋ ለዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት ነጠላዋን አጣፍታ ተመልሳ ስትወጣ እኔ ገና ከአጎበሩ ሥር ሆኜ የዚያን የጠራጊ እጅ አስብ ነበር።