አርሴናልና ሁዳዴ

አርሴናል ጾመኛ ቡድን ነው። ዝም ብዬ አይደለም ይህን የምለው፤ የ2015ን የውድድር ዘመን ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፍ በተሠራ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር ተከታትያለሁ። ማስረጃዬም ከባሕረ ሐሳብ የተቀዳ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ስሙ ዲኤስቲቪ ቤት። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ ይጻፍበታል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቡድኖቹ ስም ግን እንደ ጸሐፊው ነው። አንድ ቀን ዎልቭስ “ወልቂጤ” ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ወልቂጤ እንግሊዝ አገር ምን ሊሠራ ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ከፍሎ ገባ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል። ጎል የሚገባው ታዲያ ሁልጊዜ መብራቱ ጠፍቶ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ባለው ጊዜ ነው።

ደቡብ ጎንደርን ከአርሴናል ምን አገናኘው ለሚል ሰው መልስ አለኝ። ማሊያው ደረት ላይ ያለውን መድፍ ይመልከት። እኛ መድፍ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ሴባስቶፖል የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ያንን ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝን ጉድ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በሰው ጉልበት ገደል ለገደል እያስጎተቱ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ሚያዝያ ላይ ቁርጡ ቀን ሲመጣ ግን ያንን ሁሉ ልፋት የሚክስ ሥራ አልሠራም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጉድ ሲያሰኝ ቆይቶ ሚያዝያ ላይ ጸጥ! የአርሴናል ደጋፊ ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ክለቡን የመሠረቱት ዎልዊች የሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1886፣ ከመቅደላ 18 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የአገሬ ሰው ቂም አይረሳም ይባላል፤ ለማሊያ ሲሆን ግን ይረሳል።

ወደ ባሕረ ሐሳቡ ልመለስ። ሊጉ የተከፈተው ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። በፍልሰታ ሁለት ጨዋታ፣ ሁለት ድል። ጾሙ ተፈታና ነሐሴ 29 ማንቼ 3 ለ 1 ቀጣን። በጾመ ነቢያት ዌስትሃምና ብራይተን ተረቱ፤ ኒውካስል ብቻ በአቻ አመለጠ። ገና ተበላ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ኤቨርተን 1 ለ 0 አሸነፈን። የካቲት 8 ደግሞ ሲቲ ሜዳችን ድረስ መጥቶ 3 ለ 1። ልብ በሉ፣ በፍስክ አናሸንፍም አላልኩም። የምንሸነፈው ግን በፍስክ ወራት ነው።

የካቲት 13 ሁዳዴ ገባ። ሌስተር፣ ኤቨርተን፣ በርንማውዝ፣ ፉልሃም፣ ክሪስታል ፓላስ፣ ሊድስ፤ ስድስት ጨዋታ፣ ስድስት ድል። (ከስፖርቲንግ ጋር በፔናሊቲ የወጣንበትን ሐሙስ እንዳታነሱብኝ፤ እሱ ዩሮፓ ሊግ ነው፣ ሌላ ሃይማኖት።) የበርንማውዙ ቀን አይረሳኝም። ከአድዋ በዓል ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሽሮ በልተን ገብተናል። ገና አግዳሚው ላይ ሳንደላደል፣ በዘጠነኛው ሰከንድ ጎል ገባብን። ኋላም ሁለት ለዜሮ ሆነ። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻም 97ኛው ደቂቃ ላይ ተቀይሮ የገባው ሪስ ኔልሰን ሦስተኛዋን ሲለቃት አግዳሚው ከእነሰዉ ተገለበጠ። የተገለበጠብኝ ሰውዬ ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ሳመኝ።

በዚያ ሰሞን የንስሐ አባቴ መንገድ ላይ አገኙኝና፣ “ልጄ፣ ዘንድሮስ በርትተሃል፤ ኪዳን አታስታጉልም” አሉኝ።

“አባ፣ በስምንት ነጥብ እየመራን ነው” አልኳቸው።

“ማንን?”

“ሲቲን።”

ትንሽ አሰቡና፣ “እነሱስ አይጾሙም?” አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ የኳስ ትንተና በዚያ ዓመት አልሰማሁም። የሲቲው ሃላንድ የከብት ልብና ጉበት እንደሚበላ በራሱ አንደበት፣ በዶክመንተሪ ፊልም ላይ የተናገረ ልጅ ነው። በዚያ ዓመት በሊጉ 36 ጎል አገባ፤ የፕሪሚየር ሊጉ ክብረ ወሰን ነው። አባ ይህን ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ሆሳዕና ዋለ፤ ሚያዝያ 1፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ አንፊልድ። በዚያ ሳምንት ክልሉ ከኳስ የከበደ የራሱ ወሬ ነበረው፤ ቢሆንም የመጣው መጣ። የሁሉም ጣት ላይ የዘንባባ ቀለበት አለ። ማርቲኔሊና ጄሱስ ሁለት ለዜሮ አደረጉልን። ሳላህ አንዷን መለሰ፤ ከእረፍት በኋላ ፔናሊቲ አግኝቶ ሳተ። “ተመስገን!” ተባለ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀለበቱን ይፈታል፣ ይሰነጥቃል፣ መልሶ ይጎነጉናል፣ ደግሞ ይፈታል። 87ኛው ደቂቃ ላይ ፊርሚኖ አቻ ሲያደርግ እጁ ላይ የቀረችው አንዲት ክር ነበረች።

ፋሲካ ከዚህም ባሰ። ጨዋታው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያስቀደሰ፣ ዶሮ ሲጮኽ የገደፈ፣ ረፋድ ላይ በግ የደገመ፣ በላዩ ላይ ጠላ የጨመረበት ደጋፊ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። በአሥር ደቂቃ ሁለት ለዜሮ መራን፤ ከዚያ ሰዉም ቡድኑም እንቅልፍ ወሰደው። ዌስትሃም በፔናሊቲ አንድ አገባ። እኛም ፔናሊቲ አገኘን፤ ሳካ ወደ ውጭ ላካት። የነቃው “ኧረረረ!” ብሎ ሲጮኽ የተኛው ደንግጦ ተነሳና ጎል የገባ መስሎት እርስ በርሱ ተቃቀፈ። ተቃቅፎ ሳይላቀቅ ቦወን አቻ አደረገ።

ቀጥሎ በዓለ ሃምሳ ነው፤ አርቡም ረቡዑም ይበላል። አርብ፣ ሚያዝያ 13፣ ከሊጉ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር ሦስት ለሦስት። ረቡዕ፣ ሚያዝያ 18፣ ሲቲ 4 ለ 1። ከዚያ ብራይተን፣ ከዚያ ኖቲንግሃም ፎረስት። ግንቦት 12 ሲቲ ሳይጫወት ዋንጫውን ወሰደ። 248 ቀን ሊጉን መርቶ ዋንጫ ያጣ ቡድን በእንግሊዝ ታሪክ ከእኛ በፊት አልነበረም። በዓመቱ በሊጉ ስድስት ጊዜ ተሸንፈናል፤ ስድስቱም ከፍልሰታው፣ ከነቢያቱም፣ ከሁዳዴውም ውጭ ነው። ቆጥራችሁ ድረሱበት።

ይህን ቀመር በየቡና ቤቱ ሳስተምር አንድ ዓመት ሙሉ የተከራከረኝ አልነበረም። በ2016 ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ ማታ መውጣቱም ቀርቶ ውጤት የምንሰማው በስልክ ነበር። ሚያዝያ 6 ማታ ስልኬ ጮኸ፤ ማንቼው ጓደኛዬ ነው።

“አስቶን ቪላ 2 ለ 0” አለኝ። “ሜዳችሁ ላይ። በሁዳዴ። ደግሞ ቴዎድሮስ በሞቱበት ቀን!”

የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም አፌ አልተያዘም። “ዛሬ እኮ እሑድ ነው” አልኩት። “ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውኃ አይጾምም። ስለዚህ እንደ ጾም አይቆጠርም።”

ጥቂት ዝም አለ። የረታሁት መስሎኝ ስልኩን ልዘጋ ስል፣

“አምና በሁዳዴ ፉልሃምን ያሸነፋችሁትስ ምን ቀን ነበር?” አለኝ።

እሑድ ነበር።